ቅል ውስጥ የተቀመጠ እልልታ

የዚችን አገር ስም አልነግራችሁም። ብነግራችሁ እዚያ ዘመድ አለኝ የሚል ሰው ይነሳና ነገሩ ወደ ክርክር ይሄዳል። ወንዝ አላት፣ ገበያ አላት፣ ቤተ ክርስቲያን አላት፤ ይበቃል። እኔ እዚያው ተወልጄ፣ እዚያው ተድሬ፣ ሦስት ልጆች አሳድጌ ለወግ ለማዕረግ ያበቃሁ ሴት ነኝ። የሺመቤት እባላለሁ። ያየሁትን አወራለሁ፤ የሰማሁትን ሳወራ ደግሞ ሰማሁ እላለሁ።

እኛ ዘንድ የነቢያት ጾም ሲገባ ላም ያለው ሁሉ ወተቱን ለጥጃ ይተዋል። ቅቤው ቀደም ብሎ ተንጦ ለልደት በዓል ተቀምጧል። መናጫው ቅል ታጥቦ ግድግዳ ላይ ይሰቀልና አርባ ሦስት ቀን ሥራ ይፈታል። አንድ የጥንት ሹም ይህን አይቶ አሰበ አሉ። ቅቤ ተቀምጦ በዓሉን የሚያደምቅ ከሆነ ደስታስ ለምን አይቀመጥም? ሰዉ ጾሙን ሙሉ ሲስቅ ከርሞ በበዓሉ ቀን ጥርሱ ይደክመዋል። ቅሉም እንደሆነ ሥራ ፈቷል። በቃ፣ ታወጀ።

አዋጁ ቀላል ነው። በጾም ሳቅ የመጣበት ሰው ወደ ቅሉ ይሮጣል፣ ውታፉን ይነቅላል፣ አፉን ገጥሞ ውስጡ ይስቃል፣ መልሶ ይወትፋል። ጾሙ ሊያልቅ ሲል ሰም አፍሳሾች በየቤቱ እየዞሩ የቅሉን አፍ ያሽጋሉ። በበዓሉ ቀን ሁላችንም ሜዳ ወጥተን እንከፍታለን። ይህን የሚያስጠብቀው ትልቁ ሹም አቆይ ይባላል። ከሱ በታች ጆሮ ጣዮች አሉ፤ ሥራቸው በየአጥሩ ሥር ቆሞ ማዳመጥ ነው። አንዱ ጆሮ ጣይ ከቅል ውጭ የተሳቀ ሳቅ ሲሰማ «ተሰማ» ብሎ ይጮሃል፤ የሚቀጥለውም «ተሰማ» ይላል፤ እንዲህ እየተቀባበሉ አቆዩ ጆሮ ያደርሱታል።

ሰው ለምዶት ነበር። ሁለት ወዳጆች መንገድ ላይ ይገናኙና አንዱ የሚያስቅ ነገር ያወራል። ከዚያ ጀርባ ለጀርባ ይዞራሉ፣ ከቤት ሲወጡ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉትን ቅል አፋቸው ላይ ይገጥማሉ፣ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል፣ ይወትፋሉ፣ ዞረው ደግሞ «እሺ፣ ከዚያስ?» ይባባላሉ። አንድ ጊዜ አንድ ወፍራም የጨው ነጋዴ ገበያ መሃል ጭቃ ላይ ተቀመጠ። ገበያው በአንድ ጊዜ ጸጥ አለ። ሁሉም አፉን ቅል ላይ ገጥሟል። ነጋዴውም ጭቃው ላይ እንደተቀመጠ የራሱን ቅል ይፈልግ ነበር።

ውሻ ጅራቱን የሚቆላው ከደስታ ነው ስለተባለ በጾም የውሾች ጅራት በመቀነት ይታሰራል። አህያ ሲያናፋ ይስቃል ወይስ ያለቅሳል በሚለው ላይ ሽማግሌዎች አራት ቀን ተቀመጡ። እንደ ልቅሶ ይታይ፣ ለማንኛውም ግን ሲያናፋ ፊቱን ወደ ሜዳ ያዙሩት ብለው ተነሱ። ቅል የማይያዘው ልቅሶ ቤት ብቻ ነው። ስለዚህ በጾም ልቅሶ ደራሽ ይበዛል፤ ሰው እዚያ ሄዶ ትንሽ አረፍ ይላል።

በበዓሉ ቀን ከቅዳሴ ስንወጣ ሜዳ ላይ እንሰለፋለን። ሰሙን እንሰብራለን፣ ጆሯችንን ቅሉ አፍ ላይ እናደርጋለን። ትንሽ የኮመጠጠ ወተት ይሸታል። አቆዩ «ተደሰታችሁ?» ይላል። «ተደስተናል» እንላለን። ወደ ቤታችን እንሄዳለን።

እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቅሌን ከፍቼ ምንም ሰምቼ አላውቅም። ግራና ቀኜን ሳይ ሰው ሁሉ ጆሮውን ደግኖ ራሱን ይነቀንቃል። ኀጢአቴ ነው ብዬ ለንስሐ አባቴ ለአባ ገሪማ ነገርኳቸው። ምን ልትሰሚ ነበር አሉኝ። ሳቄን አልኩ። ያኔ ስትስቂው አልሰማሽውም ወይ አሉኝ። የሽማግሌ ነገር ብዬ ተውኩት።

እንግዲህ ማስተዋል የመጨረሻ ልጄ ናት። ካገባች ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ በዘጠኙ ዓመት ስለት ያልተሳለችበት ደጅ የለም። በመጨረሻ እግዜር ሰማትና አረገዘች። የመውለጃዋን ቀን ብናሰላው ብናሰላው ጾሙ ሊፈታ አንድ ሳምንት ገደማ ሲቀረው ላይ አረፈ።

የጾም ልጅ ሲወለድ እኛ ዘንድ እልል አይባልም። አዋላጇ «መጥቷል» ትላለች፣ የቤቱ ሰው «እሺ» ይላል፤ አለቀ። እልል ማለት ያማራት ቅሏ ውስጥ ትበል። ይህን አፍርሳ የተገኘች ቅሏ በአደባባይ ይሰበራል፤ ልጁም በበዓሉ ቀን ሜዳው ላይ ስሙ አይጠራም። ሜዳ ላይ ስሙ ያልተጠራ ሰው ደግሞ እድሜ ልኩን «ያ ልጅ» ነው የሚባለው። አንድ ያ ልጅ አውቃለሁ፤ ሸብቷል፣ የልጅ ልጅ አይቷል።

ማስተዋል ይህን ሁሉ እያወቀች አንድ ቀን አጠገቤ ቁጭ አለችና እንዲህ አለችኝ፦

«እማዬ፣ ዘጠኝ ዓመት ለምኜ ለምኜ እሺ ብቻ ልትሉኝ ነው?»

ባሏ ታደገ ደግሞ ጆሮ ጣይ ነው። ማስተዋል ልትወልድ ወደ እኔ ቤት መጥታ ነበርና እዚያው በር ላይ ተመድቦ ነበር። ምስኪን፣ ወደ ጓዳ ጠርቶ ለመነኝ። እማማ፣ በሩ ላይ የምቆመው እኔ ነኝ፣ ከሰማሁ መጮህ ግዴታዬ ነው፣ ምናልባት ቀስ ብለው እልል ቢሉ አለኝ። ቀስ ያለ እልልታ አይተህ ታውቃለህ ወይ አልኩት። አሰበበት። አላውቅም አለ።

እንግዲያው ለምኜ ላስፈቅድ ብዬ ወደ አቆዩ ሄድኩ።

የዚያን ጊዜው አቆይ ጓንጉል የሚባሉ ረጅም፣ ደረቅ ያሉ ሰው ነበሩ። እንደ ሌላው ሰው ቅላቸውን አንገታቸው ላይ አያንጠለጥሉም። ትንሽ፣ የጠቆረች፣ ሰሟ እንደ ድንጋይ የደረቀ ቅል ብብታቸው ሥር ይዘው ነው የሚዞሩት። ሲበሉም፣ ሲፈርዱም፣ ሲያስቀድሱም አትለያቸውም። ሦስት እልልታ ብቻ፣ ወንድ ከሆነ ሰባት፣ ከዚያ አንደግምም ብዬ ለመንኳቸው።

የጾም ልጅ በዝምታ ነው የሚመጣው አሉኝ። «እኔም ራሴ የጾም ልጅ ነኝ። ምን ሆንኩ?»

ፊታቸውን አየሁ።

ክፉ ሰው ግን አልነበሩም። አሰብ አሰብ አደረጉና መፍትሔ አገኙልኝ። ብዕራቸውን አንስተው «በማስተዋል ማኅፀን ለምትገኝ ወይም ለምትገኚ፤ እስከ በዓሉ ማግስት ባለህበት ወይም ባለሽበት እንድትቆይ ወይም እንድትቆዪ ታዟል» ብለው ጻፉ። በሰም አተሙት። ለባለጉዳዩ ይነበብለት አሉኝ። ካልሰማስ አልኳቸው። ያልሰማ እንደሌለ፣ አንብበውለት ያልቆየ ካለ ግን ጥፋቱ የሱ እንደሚሆን አስረዱኝ። አመስግኜ ወጣሁ። ምን ላድርግ?

ሰኞ ዕለት ትእዛዙ ተነበበ። አዋላጇ እትዬ ዘርፌ ማንበብ የሚያውቁ ናቸው፤ መነጽራቸውን አድርገው፣ ወረቀቱን የማስተዋል ሆድ ላይ ዘርግተው፣ አንድ በአንድ አነበቡለት። አባ ገሪማም ጠበል ሊረጩ መጥተው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። ታደገ በሩ ላይ ነው። እትዬ ዘርፌ «ታዟል» ከሚለው ላይ ሲደርሱ ሆዷ ውስጥ ያለው ነገር አንዴ ዘለለ። ወረቀቱ ተፈናጥሮ የእትዬ ዘርፌን መነጽር መታና መሬት ወደቀ።

ማስተዋል ሳቀች። ቅሏ አልጋው ማዶ ነበር፤ ማን ይደርስበታል? እንዲሁ በግልጥ፣ ሆዷን ይዛ፣ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እኔ በሩን አየሁ። ታደገ ጆሮው ውስጥ ጣቱን ከቶ ሰማይ ሰማዩን ያያል።

አባ ገሪማ ወረቀቱን አንስተው አራገፉት። ብዙ የሚናገሩ ሰው አይደሉም። «እመቤታችን ኤልሳቤጥ ቤት ስትገባ ዮሐንስ በእናቱ ሆድ ሆኖ ከደስታ ብዛት ዘለለ» አሉ። «ጌታ ገና አልተወለደም። እሱ ራሱም አልተወለደም። ማን ፈቅዶለት ነው?»

ጾም አይደለም እንዴ አባቴ፣ አልኳቸው እኔ፣ ጠንከር ብዬ። እኔ እኮ በጾም ቀልድ የማላውቅ ሴት ነኝ።

«እንግዳ የሚመጣበት ቤት አይተሽ ታውቂያለሽ የሺመቤት?» አሉኝ። «እንግዳው ሳይደርስ የሚበላ የለም። ግን ሁሉም ፊቱ በርቷል፤ በር በሩን ያያል። ነቢያቱም የጾሙት እንዲያ ነው። ከፍቷቸው መሰለሽ?»

ከዚያ ጠበላቸውን ረጭተው ሄዱ።

በማግስቱ ማክሰኞ፣ ፀሐይ አናት ላይ ሳለች፣ ትእዛዙን ያልሰማው ሰው መጣ። እትዬ ዘርፌ ያዟትና ረስተው «ሴት ናት» አሉ። ኋላ ትዝ ሲላቸው ድምፃቸውን አስተካክለው «መጥታለች» አሉ። አሁን የእኔ ተራ ነው። እሺ ማለት አለብኝ። ማስተዋል ላብ በላብ ሆና፣ ጸጉሯ ግንባሯ ላይ ተለጥፎ፣ ዓይኔን ዓይኔን ታየኛለች። ዘጠኝ ዓመት። ልጅቷም አንድ ዓይኗን ከፍታ የምታየኝ መሰለኝ።

እሺ ልል ነበር፤ እምቢ አለኝ። ሕጉን ላለማፍረስ ቅሌን አነሳሁ። ውታፉን ነቅዬ አፌን ገጠምኩና ቅሉ ውስጥ እልል አልኩ። የመናጫ ቅል አንገት ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሳቅ እንደ ምንም ይገባል። እልልታ ግን ምላስ ይፈልጋል፣ ቦታ ይፈልጋል። ተመልሶ በአፍንጫዬ ወጣ። ደግሜ ሞከርኩ፤ አነቀኝ። እትዬ ዘርፌ ጀርባዬን መቱኝ።

ያን ጊዜ ቅሉን መሬት አስቀመጥኩ። ወደ በሩ ሄድኩ። የልጄ ልጅ ስም አልባ ትሁን፣ ያቺ ልጅ ትባል፣ ግን እግዜር ዘጠኝ ዓመት ተለምኖ የሰጠውን እሺ ብዬ አልቀበልም አልኩ በልቤ። ከዚያ ለቀቅኩት።

አንዱ ሄደ፣ ሁለተኛው ሄደ፤ ሦስተኛውን እትዬ ዘርፌ ቀሙኝ።

ታደገ በሩ ላይ አፉን ከፍቶ ቀረ። ሚስቱን አየ፣ የታቀፈችውን አየ። ከዚያ ግዴታውን ተወጣ። «ተሰማ» ብሎ ጮኸ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጆሮ ጣዮች «ተሰማ» ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ ግን ሰምቼ አላውቅም። እየዘለለ ነው የጮኸው።

ከአጥሩ ማዶ ጎረቤቴ ደብሪቱ ለማን ነው አለች። ለማስተዋል፣ ሴት አልኳት። ወዲያው ሦስት መለሰች። ቀጥላም የእኔንም ልጅ እኮ በጾም ነበር የወለድኩት አለች፤ ለሱም ሰባት አለችለት። ልጁ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ የጣሪያቸውን ሣር እየከደነ ነበር። መሰላሉን እንኳ ሳይጠብቅ ዘሎ ወረደና እናቱን አቅፎ ቀረ።

ከዚያ ማን ያቁመው? ከዚያኛው ግቢ አንዷ ለመንታዎቿ ጀመረች። ሌላዋ በጾም ለታጨች ልጇ፣ ሌላዋ ከበሽታ ለተነሳ ባሏ። አንዲት አሮጊት «ለምን እንደሆነ ረስቼዋለሁ፤ ግን ያኔ ሳልል ቀርቻለሁ» እያለች እልል ትላለች። ሴቶቹ እየወጡ እኔ ደጅ ተሰበሰቡ። አንዱ ሰው የውሻውን ጅራት ፈታው፤ ሌላውም ፈታ፤ ውሾቹ አምስት ሳምንት ያልቆሉትን ሲቆሉ መቆም አቃታቸው። አህዮቹ ፊታቸውን ወደ ሜዳ ሳያዞሩ አናፉ። ያ የማውቀው ሽበታም «ያ ልጅ» መጣና ባርኔጣውን ይዞ ደጄ ላይ ቆመ። ገባን፤ ሰባት አልንለት። ባርኔጣውን ደፋ፣ ሄደ፣ ሁለት ወንድሞቹን ይዞ ተመለሰ።

በዚህ መሃል አቆይ ጓንጉል መዶሻቸውን ይዘው ደረሱ። ደጁ እንደዚያ ገበያ ጸጥ አለ።

ማን ናት የጀመረችው አሉ። እኔ ነኝ ጌታዬ አልኩ። ቅሌን አቀበልኳቸው። ድንጋይ ላይ አስቀመጡና አንዴ መቱት። ለሁለት ተከፈለ። ሰው ሁሉ ተንጠራርቶ አየ። ውስጡ የደረቀ ወተት ጠርዙን ይዟል፤ ሌላ ምንም የለም።

ሳቁስ የታለ አለ አንዱ ከኋላ። በዚህ ጾም ብቻ ስንት ጊዜ እንደሳቅኩበት እኔ አውቃለሁ። ደብሪቱ ጎንበስ ብላ በጆሮዬ የኔም እኮ ሁልጊዜ ባዶ ነው አለችኝ። ሹክ ማለት የማትችል ሴት ስለሆነች ሁሉም ሰማት። ከዚያ አንዱ የኔም አለ፣ ሌላዋ የኔም አለች። ጨው ነጋዴውም የኔም አለ። ለካ ሠላሳ ዓመት ሁላችንም ለየብቻችን ነበር ኀጢአተኛ የሆንነው። ሰው እርስ በርሱ ተያየ፤ ያን ጊዜ የተሳቀውን ሳቅ ልነግራችሁ አልችልም። ወደ ቅሉ የሮጠ አንድም ሰው የለም።

አንድ ሰው ብቻ አልሳቀም። አቆይ ጓንጉል መዶሻቸውን ጥለዋል። እጃቸው ብብታቸው ሥር ያለችውን ጥቁር ቅል ጥብቅ አድርጎ ይዟል። ፊታቸው አመድ መስሏል።

ሳቄ ጠፋ። እናት ነኝ፤ እንዲህ ያለ ፊት አውቃለሁ። ቀረብ ብዬ እሷ ቅል ውስጥ ምን አለ ጌታዬ አልኳቸው። ደጄ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

እናታቸው በጾም ነበር የወለደቻቸው። እንደ ሕጉ ቅል ውስጥ ሰባት ጊዜ እልል ብላላቸው አሸገችው። በዓሉ ሳይደርስ ሞተች። ያሳደገቻቸው አክስታቸው ናት ቅሏን የሰጠቻቸው።

«ለክፉ ቀን ብዬ አስቀመጥኩት» አሉኝ።

«ክፉ ቀን አልመጣም?»

«መጥቷል። ለባሰው ብዬ ተውኩት።» ቅሏን አገላብጠው አዩአት። «ስልሳ ሁለት ዓመት። አሁን ደግሞ ባዶ ነው ትሉኛላችሁ።»

ውሾቹ እንኳ ጅራታቸውን መቁላት አቆሙ። ከቤት ውስጥ የማስተዋል ድምፅ መጣ፦ «እማዬ፣ ይክፈቱት በያቸው።»

ይክፈቱት ጌታዬ አልኳቸው። እምቢ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ይክፈቱት አልኩ ደግሜ። ከዚያ በጥፍራቸው ሰሙን መፋቅ ጀመሩ። ስልሳ ሁለት ዓመት የደረቀ ሰም ነው፤ ቁርጥራጩ ጉልበታቸው ላይ ይረግፋል። ውታፉን ነቀሉ። ዓይናቸውን ጨፈኑና ቅሏን ጆሯቸው ላይ አደረጉ።

እትዬ ዘርፌን አየሁ። እሳቸው ደብሪቱን አዩ። ማንም አላዘዘም። የደጄ ሴት ሁሉ በአንድ አፍ እልል አለች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ እስከ ሰባት። ማስተዋልም ከአልጋዋ ላይ ትላለች። አራስ ናትና ድምጿ ቀጭን ነው፤ ከሁሉም ተለይቶ የሚሰማው ግን እሱ ነበር።

ሰባተኛው ካለቀ በኋላም አቆይ ጓንጉል ዓይናቸውን አልገለጡም። ቅሏ ጆሯቸው ላይ ናት።

«ተሰማ» አሉ፣ በቀስታ።

ከዚያ በኋላ ስለ መዶሻው ያነሳ የለም። ጾሙን ደግሞ አፈረሳችሁ እንዳትሉን፤ የቀሩትን ቀናት ወተት በአፉ ያደረገ ሰው የለም። እኔ እንዲያውም እንደዚያ ጾም ቀሎልኝ አያውቅም። በር በሩን እያየን ነው የጨረስነው።

በበዓሉ ቀን ከቅዳሴ እንደወጣን ሜዳው ላይ ተሰበሰብን። አቆይ ጓንጉል መጀመሪያ የማስተዋልን ልጅ ስም ጠሩ፤ ኤልሳቤጥ ተባለች። ቀጥለው ያ ልጅ የሚባሉትን ሽበታሞች ሁሉ እየጠየቁ በየስማቸው ጠሩ። ቅሎቹ ወተት ሞልተው መጥተው ነበር፤ ከልጅ እስከ አዋቂ አፉ ላይ ነጭ መስመር አለ። ሴቱ እልል ይላል፣ ወንዱ ያጨበጭባል፣ ኤልሳቤጥ ታለቅሳለች፣ አህያው ያናፋል።

አቆይ ጓንጉል በመጨረሻ እንደ ልማዳቸው «ተደሰታችሁ?» ብለው ጠየቁ አሉ። እኔ አልሰማሁም። የሰማ ሰውም እስከ ዛሬ አላገኘሁም።